ኢንች ከዲዛይን ሶፍትዌር ይውጣ? አንድ ጥያቄና 33 መልሶች

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄ ከማለት አቋም ማለት ይሻላል። የዲዛይን ሶፍትዌሮች ኢንችን፣ ጫማንና ሚልን (የኢንች አንድ ሺኛን) ከነጭራሹ አውጥተው በሜትሪክ ብቻ መሥራት አለባቸው እላለሁ። ችግሩ ምርጫው መኖሩ ራሱ ነው።

ለምን እንዲህ እንደምል ልንገራችሁ። ሥራዬ የኤሌክትሮኒክስ ቦርድ መንደፍ ነው። ባለፈው ወር አንድ ቦርድ ነድፌ አስመረትኩ፤ ሪዚስተሮቹን፣ ማለትም የኤሌክትሪክ ፍሰትን የሚገቱትን ጥቃቅን ዕቃዎች፣ ለብቻ አዘዝኩ። የዕቃ ዝርዝሩ ላይ መጠናቸውን 0603 ይላል። ያዘዝኩትም 0603 ነው። ጥቅሉን ስከፍት የወጣው ነገር አሸዋ ይመስላል። ትንፋሽ ሲነካው ይበተናል። አንዱን በወረንጦ አንስቼ ቦርዱ ላይ አስቀመጥኩት። በሁለቱ ፓዶች፣ ማለትም ዕቃው በሚበየድባቸው የመዳብ ማረፊያዎች፣ መካከል ያለችው ክፍተት ውስጥ ገብቶ ተኛ። ግራውንም አልነካ፣ ቀኙንም አልነካ። በማጉያ መነጽር ሳየው ባዶ ሜዳ መሃል የተጣለ ጥቁር ድንጋይ ነው የሚመስለው።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። በኢንች አጠራር 0603 ማለት 1.6 በ0.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው። በሜትሪክ አጠራር ግን 0603 ማለት 0.6 በ0.3 ሚሊ ሜትር ነው። ስሙ አንድ፣ ዕቃው ሁለት። የትንሹ ርዝመት የትልቁን ግማሽ እንኳ አይሞላም።

ደግሞ ኢንች ዛሬ ራሱን ችሎ የቆመ ልኬት አይደለም። በ1959 አሜሪካ፣ ብሪታንያ፣ ካናዳ፣ አውስትራሊያ፣ ኒውዚላንድና ደቡብ አፍሪካ ተስማምተው አንድ ያርድን ልክ 0.9144 ሜትር አደረጉት። ኢንች ከዚያ ሲሰላ ልክ 25.4 ሚሊ ሜትር ይሆናል። እንግዲህ ኢንች የሚተረጎመው በሜትር ነው። ዋናው እያለ በአስተርጓሚ መሥራት ለምን አስፈለገ?

ሐሳባችሁን ስጡኝ።

መልሶቹ

ይህን ክፍል የጻፍኩት ክሩ፣ ማለትም በጽሑፌ ሥር የተከፈተው ውይይት፣ ሦስት ሳምንት ከሮጠ በኋላ ነው። ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ሁሉንም ከማንበብ እንዲድን ብዬ እያንዳንዱ ምን እንዳለ በራሴ ቃል አስቀመጥኩት። ያሳመነኝንም ያናደደኝንም አልደበቅኩም።

መልስ 1። በጣም ጨዋ ሰው ነው፤ እርስዎ እያለ ነው የጻፈልኝ። በሐሳቤ ይስማማል። እሱ ከዓመታት በፊት ሁሉን ነገር ወደ ሚሊ ሜትር ቀይሮ አርፏል። አንድ ነገር ብቻ አልለቅ ብሎታል፤ የመዳቡ ውፍረት። አምራቾች መዳቡን አሁንም በአውንስ ነው የሚጠሩት። አንድ አውንስ መዳብ አንድ ስኩዌር ጫማ ላይ እኩል ቢነጠፍ የሚኖረው ውፍረት ማለት ነው፤ ወደ 35 ማይክሮን ይጠጋል። ውፍረት በክብደት ሲጠራ አስቡት። እኔም በየሥራዬ እጽፈዋለሁ፤ ከየት እንደመጣ የነገረኝ ግን እሱ ነው።

መልስ 2። በትህትና፣ ግን ቀጥ አድርጎ አረመኝ። ያጋጠመኝ ነገር ከሶፍትዌሩ የልኬት ምርጫ ጋር አይገናኝም አለ። የስም ጉዳይ ነው። ሶፍትዌሩ ውስጥ ኢንች የሚባል ነገር ባይኖርም እኔ የማዘው 0603 ያው 0603 ነው። የባሰም አለ ብሎ ምሳሌ ጨመረ። የኢንቹ 0201 በሜትሪክ 0603 ይባላል። የኢንቹ 01005 ደግሞ በሜትሪክ 0402 ነው፤ 0402 ግን ራሱ የሌላ ዕቃ የኢንች ስም ነው። መፍትሔው ኪካድ የተባለው የቦርድ መንደፊያ ሶፍትዌር በዕቃ ቤቱ እንዳደረገው ሁለቱን ስም አጣብቆ መጻፍ ነው አለ፤ 0603 ከጎኑ 1608 ሜትሪክ። ልክ ነው። ምሳሌዬ አቋሜን አልተሸከመውም። አቋሜን ግን ያኔ አልለቀቅኩም።

መልስ 3። አንድ መስመር ናት። ሁለቱም አለ፣ የፈለግከውን ምረጥ፣ ምን ያጨቃጭቃል የምትል። ብዙ ሰው ወደዳት። እኔን ግን ከሁሉም በላይ ያሳሰበችኝ እሷ ናት። ንድፍ እኔ ጋ አይቀርማ። እኔ መርጬ የሠራሁትን ሌላው ይከፍተዋል፤ እሱ መርጦ ያስቀመጠውን አምራቹ ይከፍተዋል። ምርጫው የኔ ነው፣ መዘዙ የሌላ ሰው።

መልስ 4። አንዲት የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ገባች። የምትነድፈው አሜሪካ ውስጥ ለሚሠሩ ቤቶች ነው። እዚያ ሰሌዳው 4 በ8 ጫማ ሆኖ ነው የሚመጣው። አናጢው ወገቡ ላይ የሰካው ሜትር በኢንች የተከፋፈለ ነው። ንድፉን በሚሊ ሜትር ብትሰጠው እሱ መሰላል ላይ ቆሞ በጭንቅላቱ መመንዘር ይጀምራል፤ ስህተት የሚወለደውም እዚያ ነው አለች። 12 ደግሞ ለሁለት፣ ለሦስት፣ ለአራትና ለስድስት ያለ ቀሪ ይካፈላል። አንድ ነገር ግን በሐቀኝነት አመነች። ሁለት በአራት የሚባለው ጣውላ ሲለካ ሁለት በአራት አይደለም፤ 1.5 በ3.5 ኢንች ነው። ያም ሆኖ ሶፍትዌሩ ጫማን ካወጣ እሷም ሶፍትዌሩን ታወጣለች። እንዲህ ብላ ነው የዘጋችው።

መልስ 5። ለእሷ የተሰጠ መልስ ነው። 12 መካፈሉ ውሃ የሚያነሳ ምክንያት አይደለም አለ። 1200 ሚሊ ሜትር ብትወስጂ ለ2፣ ለ3፣ ለ4፣ ለ5፣ ለ6፣ ለ8፣ ለ10ና ለ12 ይካፈላል። አውስትራሊያን ጠቀሰ። በ1970ዎቹ የግንባታ ሥራዋን ወደ ሜትሪክ ስታዞር ንድፍ ላይ ሚሊ ሜትር እንጂ ሴንቲ ሜትር እንዳይገባ ተደረገ። ንድፉ ላይ ያለው ቁጥር ሁሉ ሙሉ ቁጥር ሆነ። ይህን ወደድኩት። ነጥብ የሌለበት ወረቀት ላይ ነጥብ አይጠፋም፤ የቆሸሸ ቅጂ ላይ ያረፈች ጠብታም ነጥብ መስላ ግድግዳ አታሳጥርም።

መልስ 6። ባለሙያዋ ተመለሰች። አጭር ነበረች። አውስትራሊያ ውስጥ የወሰነው አገሩ ነው፣ ሶፍትዌሩ አይደለም አለች። መጀመሪያ ጣውላው ይቀየር፤ ሶፍትዌሩ ይከተላል። ይህን አንብቤ ለመመለስ ጀምሬ ሦስት ጊዜ አጠፋሁት።

መልስ 7። ክሩ ውስጥ ካሉት ሁሉ ደጋግሜ ያነበብኩት ይህን ነው። የቶርኖ ባለሙያ ነው፤ በኮምፒዩተር የሚመራ ማሽን ላይ ይሠራል። እንደ እሱ አገላለጽ ማሽኑ ጂ20 ሲባል ቁጥሩን በኢንች ያነባል፣ ጂ21 ሲባል በሚሊ ሜትር። አንድ ቀን ከእሱ በፊት የሠራው ሰው ማሽኑን ጂ20 ላይ ትቶት ሄደ። እሱ ደግሞ ፕሮግራሙ ላይ የትኛው እንደሆነ አልጻፈም፤ ሁልጊዜ በሚሊ ስለሚሠራ መጻፍም አልታየውም። መቁረጫው ሁለት ወደፊት እንዲሄድ አዘዘ። ሁለት ሚሊ ማለቱ ነበር። ማሽኑ ሁለት ኢንች ሄደ፤ 50.8 ሚሊ ሜትር። እጁ ቀዩ ቁልፍ አጠገብ ነበር፤ ግን አልደረሰም። መቁረጫው ዕቃውን ጨብጦ ከሚያዞረው መንጋጋ ጋር ተላተመ። ጫፉ እንደ ብርጭቆ ተሰባብሮ አንዷ ስባሪ የመከላከያ መስታወቱ ላይ ተሰካች። መስታወቱ ባይኖር ፊቱ ላይ ነበረች።

ከዚያ ወዲህ የእያንዳንዱ ፕሮግራም የመጀመሪያ መስመር ላይ ጂ21 ይጽፋል። ማሽኑ እዚያው ላይ ቢሆንም ይጽፋል። ኢንችን ግን አልወቀሰም። የጎዳኝ ቁጥሩ ያለ ስሙ መሄዱና ማሽኑ የትናንቱን ማስታወሱ ነው አለ። አቋሜ መጀመሪያ የተነቃነቀው እዚህ ጋ ነው።

መልስ 8። ከዚያው ጋር የሚሄድ ነው። ለ3ዲ ማተሚያ ሞዴል የሚሠራ ሰው ነው። ኤስቲኤል የሚባለው ፋይል ውስጥ ቁጥር እንጂ ልኬት የለም። አራት ኢንች ስፋት ያለው ሳጥን ነድፎ ላከ፤ ተቀባዩ ፕሮግራም አራቱን ሚሊ ሜትር ብሎ አነበበው። 25.4 ጊዜ ያነሰ፣ ከጥፍር የማይበልጥ ሳጥን ታተመለት። ጠዋት መጥቶ ማተሚያው ባዶ መስሎት ነበር።

መልስ 9። አንድ ፕሮግራመር የሶፍትዌሩን ሆድ ከፍቶ አሳየን። ስክሪኑ ላይ የምታዩት ልኬት ቀለም ነው አለ፤ ውስጥ ያለው ሌላ ነው። ለምሳሌ ኪካድ የቦርዱን ቦታ ሁሉ የሚያስቀምጠው በናኖሜትር፣ በሙሉ ቁጥር ነው። አንድ ሚል፣ ማለትም የኢንች አንድ ሺኛ፣ ልክ 25,400 ናኖሜትር ይሆናል። የኢንች አንድ ስልሳ አራተኛ እንኳ ልክ 396,875 ናኖሜትር ነው፤ ምንም አይሸራረፍም። ስለዚህ ኢንችን ማሳየት ምንም ስህተት አይጨምርም፣ ማውጣትም ምንም አያስተካክልም አለ። ስህተት የሚመጣው ፕሮግራሙ በየለውጡ ወደ ሁለት አሃዝ እያጠጋጋ ሲያስቀምጥ ነው። አንዴ ወደ ሚሊ፣ አንዴ ወደ ኢንች፣ እንደገና ወደ ሚሊ፤ በእያንዳንዱ ጉዞ ትንሽ ይቆረሳል።

መልስ 10። የኢንች አንድ መቶ ሃያ ስምንተኛ ግን 198,437.5 ናኖሜትር ነው፤ ሙሉ ቁጥር አይደለም የሚል አራሚ መጣ። መልስ 11 የፕሮግራመሩ ነው። ግማሽ ናኖሜትር ከጥቂት አተሞች ስፋት አይበልጥም፤ በዚህ ልክ መሥራት የሚችል መሰርሰሪያ ካለህ አሳየኝ አለ። ቃሉ መሻከር የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

መልስ 12። አንድ አንጋፋ ሰው ገቡ። ከመጀመሪያው አንተ እያሉ ነው የጻፉልኝ፤ የቁጣ አንተ ነው። ማካፈል የሰለቸው ትውልድ ነው ይህን የሚያነሳው አሉ። ከዚያ ግን ወደ ቁም ነገሩ ገቡ፣ እሱም ከባድ ነበር። ሜትሪክ ነው የምትለው ቦርድ ላይ ያለው ኮኔክተር (ማገናኛ) የፒን፣ ማለትም የእግር፣ ርቀቱ 2.54 ሚሊ ሜትር ነው። ይህ ልብስ የቀየረ የኢንች አንድ አስረኛ ነው። አብሯቸው የሚሠራ አንድ ልጅ በሚሊ ብቻ እሠራለሁ ብሎ፣ ቁጥሩ አስቀያሚ ስለመሰለው 2.5 ብሎ አስገባ። ባለ 40 እግር ቺፕ ነው፤ በአንድ ጎን 20 እግር፣ 19 ክፍተት። በእያንዳንዱ ክፍተት 0.04 ሲጎድል ጫፍ ላይ 0.76 ሚሊ ሜትር ደረሰ። የመጀመሪያዎቹ እግሮች ገቡ፤ የመጨረሻዎቹ ቀዳዳ አጥተው ታጠፉ። ኢንች ቢያውቅ ኖሮ 100 ሚል ብሎ ጽፎ ይገላገል ነበር አሉ።

መልስ 13። አንዱ ለኔ ተሟገተ፣ በተመሳሳይ ቃና። የዛሬ ቺፖች ብዙዎቹ የፒን ርቀታቸው 0.5 ሚሊ ነው፤ ይህ በኢንች 19.685 ሚል ሆኖ ይወጣል። የኢንች ሰው ደግሞ 20 ብሎ ይዘጋዋል። ባለ 100 እግር ቺፕ በአንድ ጎን 25 እግር፣ 24 ክፍተት አለው። ከጫፍ እስከ ጫፍ 0.192 ሚሊ ሜትር ይተርፋል። ስሌቱ ትክክል ነው፤ እኔም ደገምኩት። ሁለቱ ሰዎች የተናገሩት አንድ ነገር መሆኑን ግን ሁለቱም አላዩትም። ዕቃው የተወለደበትን ልኬት ትቶ ባጠጋጋው ሰው ላይ ነው ሁለቱም የተቆጡት።

መልስ 14 የለም። ተሰርዟል። ከመሰረዙ በፊት አይቼዋለሁ፤ ስለ ልኬት አንድም ቃል አልነበረበትም።

መልስ 15። የማርስ መንኮራኩሯ መምጣቷ አይቀርም ነበር። በመስከረም 1999 እንደ ፈረንጆቹ ማርስ ክላይሜት ኦርቢተር ማርስ ስትደርስ ጠፋች፤ ምክንያቱ የልኬት መደባለቅ ነው። ጸሐፊው ይህን ካለ በኋላ ክርክሩ አበቃ ብሎ ወጣ።

መልስ 16። አላበቃም የሚል ነው፤ በጣም ጥሩ ማረሚያ ነው። እዚያ የተደባለቀው ርዝመት አይደለም። የሞተሩን ግፊት የሚያሰላው ሶፍትዌር ውጤቱን በፓውንድ ኃይል ሰከንድ አወጣ፤ ተቀባዩ ኒውተን ሰከንድ ነው ብሎ ወሰደው። ልዩነቱ 4.45 ጊዜ ገደማ ነው። ከማርስ ወለል 226 ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ታልፋለች የተባለችው ወደ 57 ኪሎ ሜትር ወረደች። ከአንዱ ሶፍትዌር ወደ ሌላው የሄደው ቁጥር ስሙን ይዞ ቢሄድ ኖሮ በመንገድ ላይ ይያዝ ነበር አለ። እንደገና የቶርኖው ሰው ነገር።

መልስ 17። ይህኛው ደግሞ በቀጥታ እኔን ነው የመታኝ። በ1983 ካናዳ ውስጥ አንድ ቦይንግ 767 በ41,000 ጫማ ላይ ነዳጅ ጨረሰ። 22,300 ኪሎ ግራም ነዳጅ ያስፈልገው ነበር። ሊትሩን ወደ ክብደት ሲቀይሩ የተጠቀሙበት ቁጥር 1.77 ነው፤ ይህ ግን ፓውንድ በሊትር ነው። በኪሎ 0.8 ገደማ መሆን ነበረበት። ስለዚህ የጫኑት ከሚያስፈልገው ግማሽ የማይሞላ ነበር። አብራሪዎቹ ሞተር የሌለውን አውሮፕላን እያንሳፈፉ ጊምሊ የተባለ የቀድሞ አየር ማረፊያ ላይ አሳረፉት፤ የተሳፈሩት 69 ሰዎች ሁሉ ተረፉ። መልሱ የሚለው ይህ ነው። ያ አደጋ የደረሰው አገሩና አየር መንገዱ ወደ ሜትሪክ እየተሻገሩ ሳሉ ነው። አውሮፕላኑ በኪሎ፣ የሰዎቹ ልማድ በፓውንድ። አንተ አንድ ጠዋት ከሶፍትዌሩ ኢንችን ብታወጣ፣ በዚያው ጠዋት በዓለም ላይ ያለውን ንድፍ ሁሉ መሻገሪያው ላይ ታቆመዋለህ።

ይህን ካነበብኩ በኋላ ሁለት ቀን ምንም አልጻፍኩም።

ከ18 እስከ 21። ክሩ መንገድ ሳተ። አንዱ ስለ ወረቀት ጀመረ፤ ኤ4 210 በ297 ሚሊ ሜትር ሆኖ ሳለ ማተሚያው የአሜሪካኑን ሌተር ወረቀት ካልሰጣችሁኝ እያለ የሚቆመው ነገር አንገፍግፎታል። ሌላው ባለ ሦስት ተኩል ኢንች የሚባለው ፍሎፒ ዲስክ በትክክል የተነደፈው በ90 ሚሊ ሜትር እንደሆነ ነገረን፤ ይህን አላውቅም ነበር። ግማሽ ኢንች የሚባል ቧንቧ ውጩ 21.3 ሚሊ ሜትር እንደሆነ፣ ውስጡም ግማሽ ኢንች እንዳልሆነ አንድ የቧንቧ ባለሙያ አስረዳ። ከዚያ የሙቀት መጠን መጣ፣ ከዚያ የቀን አጻጻፍ። በ22 አወያዩ ገብቶ ወደ ጉዳያችን ተመለሱ አለ። ደግ አደረገ።

መልስ 23። ቀያሽ ናት። ኢንችን የምትደግፉ ሰዎች፣ የትኛውን ጫማ ነው የምትደግፉት ብላ ጠየቀች። አሜሪካ ውስጥ ሁለት ጫማ ነበር። አንደኛው ልክ 0.3048 ሜትር ነው። ሁለተኛው የቅየሳ ጫማ ነው፤ 1200 ሲካፈል ለ3937 ሜትር። ልዩነታቸው ከሚሊዮን ሁለት ነው። ክፍል ስትለኩ አይታይም። ነገር ግን የመሬት ነጥብ ከመነሻው ሁለት ሚሊዮን ጫማ ርቆ ሲቀመጥ ስህተቱ አራት ጫማ ይሆናል። አራት ጫማ ማለት አጥር ከጎረቤት ግቢ ውስጥ መግባት ነው። የቅየሳው ጫማ እስከ 2022 መጨረሻ ቆይቶ በይፋ ቀርቷል።

እስከዚህ ሳነብ ለእኔ የምትቆም መስሎኝ ነበር። አልቆመችም። የቀረው ለአዲስ ሥራ ነው አለች። የድሮው መዝገብ፣ የድንበር ሰነዱ፣ የመንገዱ ፕላን እንዳለ በዚያ ጫማ ነው የተጻፈው። ሶፍትዌሩ ያን ጫማ ከረሳው መዝገቡን የሚያነብልኝ ማነው? መቅረትና መረሳት አንድ አይደሉም። ይህን አጥብቃ ነው የጻፈችው።

መልስ 24። ኢምፔሪያል የምንለው በ1824 የብሪታንያ ሕግ የወጣው ነው፣ የአሜሪካው ሌላ ነው የሚል። ጋሎናቸው አይገናኝም፤ የብሪታንያው 4.546 ሊትር፣ የአሜሪካው 3.785። እውነት ነው፤ ለርዝመት ግን ለውጥ የለውም።

መልስ 25። የመጽሐፍ ገጽ የሚያቀናብር ሰው ነው። የፊደል መጠንስ ብሎ ጠየቀ። ፖይንት የኢንች አንድ ሰባ ሁለተኛ ነው። 12 ፖይንት 4.23 ሚሊ ሜትር ገደማ ይሆናል። ይህን ሁሉ ሰው 4.23 በል ልትለው ነው? አይደለም። ይህን ጥያቄ የሚመልስ ሰው አልተገኘም፤ እኔም አልመለስኩትም።

መልስ 26። ወደ ቦርዳችን መለሰን። ቦርድ አምራቾች የሚቀበሉት የገርበር ፋይል መመሪያ ራሱ ሜትሪክን ተጠቀሙ ይላል፤ ኢንች ለታሪክ ሲባል ብቻ እንዳለና ወደፊት እንደሚቀር ይናገራል። ፋይሉ ግን መጀመሪያው አካባቢ የትኛው ልኬት እንደሆነ በግልጽ መናገር አለበት። እንደ ቶርኖው ሰው የመጀመሪያ መስመር።

መልስ 27 የኔ ነው። አቋሜን እንደገና ጻፍኩ። ሶፍትዌሩ ሲከፈት ሚሊ ሜትር ይሁን። ኢንች የሚፈልግ ሰው ቁጥሩን ሲጽፍ ኢንች ብሎ ይጻፍ፣ ሶፍትዌሩም ዕቃው ላይ ያን ስም ይያዝለት፤ 100 ሚል ተብሎ የተጻፈው ነገ ሲከፈት 100 ሚል እንደሆነ ይታይ። ስም የሌለው ቁጥር የያዘ ፋይል ሲመጣ ሶፍትዌሩ ገምቶ አይለፍ፣ ይጠይቅ። የድሮ ፋይል ሁሉ በተሠራበት ልኬት ይነበብ፣ ለዘላለም። የትናንቱን ምርጫ አስታውሶ ዝም ብሎ የሚቀጥል መስኮት ግን ይቅር። ከሁሉም በላይ የምቆምለት ይህ የመጨረሻው ነው።

መልስ 28። መጀመሪያ ይውጣ አልክ፣ አሁን ይቆይ ትላለህ፣ አንዱን ያዝ እንጂ የሚል ነው። ሻካራ ነው። ሐሳብ ስጡኝ ብዬ ስጠይቅ ከልቤ ነበር። የሰጡኝን ተቀበልኩ።

መልስ 29። ገና ተማሪ ነው፤ ረጅም አልጻፈም፣ ግን አንድም ሰው ያላነሳውን አነሳ። በኛ አፍ ሚሊ ሜትርን ሚሊ እንላለን። የኢንች አንድ ሺኛ ደግሞ ሚል ነው። በመስመሮቹ መካከል ስምንት ሚል ተው ብለው በስልክ ነገሩት። ስምንት ሚሊ ሰማ። ስምንት ሚል 0.2 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፤ እሱ አርባ እጥፍ ሊሞላ ምንም ያልቀረው ክፍተት እየተወ ሁለት ሌሊት መስመሮቹን ቦርዱ ውስጥ ለማስገባት ታገለ። ጥፋቱ የራሱ የንድፍ ድክመት መስሎት ማንንም አልጠየቀም። በ«ል» እና በ«ሊ» ፊደሎች መካከል ያለችው ቅጥያ ናት ያን ያህል ያለፋችው። እኔም ይህን ቃል በየቀኑ በስልክ እናገራለሁ። ከዚያ ቀን ወዲህ ሚል የምትለዋን ቃል ትቼ የኢንች ሺኛ ነው የምለው። ይረዝማል፤ ይርዘም።

መልስ 30። አንጋፋው ሰው ተመለሱ። ቃናቸው ሌላ ነበር፤ እርስዎ አሉኝ። በወጣትነታቸው በእጅ የነደፏቸው የማሽን ክፍሎች አሏቸው፣ በኢንች፣ በስልሳ አራተኛ የተከፋፈሉ። በኋላ ራሳቸው አንድ በአንድ ኮምፒዩተር ውስጥ አስገቧቸው። ከማሽኖቹ አንዳንዶቹ ዛሬም ይሠራሉ። አንድ ክፍል ሲሰበር አንድ የማያውቁት ልጅ ያን ፋይል ከፍቶ እንደገና ይቆርጠዋል። የሚፈሩት ሜትሪክን አይደለም። ያ ልጅ ፋይሉን ሲከፍት 23/64 የነበረው 9.13 ሆኖ እንዳያገኘው፣ ቁጥሩ ከየት እንደመጣ የሚነግረው ጠፍቶ 9.1 እንዳያደርገው ነው። በ27 ላይ ካልኩት ውስጥ የድሮ ፋይል በተሠራበት ልኬት ይነበብ የሚለውን ተቀበሉ። ሲከፈት ሚሊ ሜትር ይሁን የሚለውን አልተቀበሉም። በዚህ ላይ አልተስማማንም፤ ግን በ12 ላይ የነበረው ቁጣ ከየት እንደመጣ አሁን ገብቶኛል።

31 የአንድ ምናሌ ቦታ ጥያቄ ነው፣ 32 መልሱ።

መልስ 33። ከጀማሪዎቹ አንዱ ነው። መነሻ ጽሑፌን አሁን ገና እንዳነበበ ነገረኝ። ጆሮ ውስጥ ለሚገባ ትንሽ መሣሪያ ቦርድ እየነደፈ ነው፤ ቦታ የለውም፣ የሚፈልገውም ልክ ያን 0.6 በ0.3 የሆነውን ሪዚስተር ነው። ያ ጥቅል አሁንም አለ ወይ ብሎ ጠየቀኝ።

አለ። ከመሳቢያው አውጥቼ አየሁት። መለያው ላይ ያለው 0603 ብቻ ነው። ከጎኑ በእስክሪብቶ 0.6 በ0.3 ሚሊ ሜትር ብዬ ጻፍኩበትና ላኩለት።